መስታወት ወደ ሐምዳይት

ከገዳሪፍ ሐምዳይት ድረስ መስታወት በሎሪ ጭኖ የሚሄድ ሰው ጤንነቱ ሊጠየቅ ይገባል። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። አብረውኝ የተሳፈሩት ለማወቅ የፈለጉት ሣጥኑ ላይ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ ብቻ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ገዳሪፍ ውስጥ እንጀራዬ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። የሐበሻ ምግብ ቤት ሲከፈት ስሙን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ዐረብኛውን ደግሞ ሌላ ሰው በወረቀት ጽፎ ይሰጠኝና እገለብጣለሁ። ፀጉር ቤት ሲከፈት መቀስና ማበጠሪያ እሥላለሁ። የሰሊጥ ነጋዴ ሎሪ ሲገዛ በር ላይ አንበሳ ያሠራኛል፤ አንበሳው ድመት መሰለ ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ዘመን «አርቲስት» ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እናም አንድ ቀን ከካርቱም የተደወለልኝ ስልክ «አርቲስት ነዎት አይደል?» ሲለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ።

ደዋዩ ስሙን የማልጠራው የአንድ ድርጅት ሰው ነው። ሐምዳይት ላሉት ስደተኞች «ራስህን ሣል» የሚባል ስልጠና አዘጋጅተዋል። እያንዳንዱ ተሳታፊ መስታወት ይሰጠዋል፤ ፊቱን እያየ ይሥላል፤ ማንነቱን መልሶ ያገኛል። ቃሉ የእሱ ነው። ማንነታቸው የት እንደጠፋ ልጠይቀው አሰብኩና አበሉ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ለስልጠናው መመሪያ እንዲሆን አንድ ጽሑፍ በስልክ ላከልኝ። ርዕሱ «ብቸኝነትና ማንነት በዘመናዊ የፋርስ ሥነ ጥበብ» ይላል።

«ለምን ፋርስ?» አልኩት።

«ለሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ የነበረ ነው» አለ። «ያለን እሱ ነው።»

ሐምዳይት በከሰላ ግዛት ሥር ናት፤ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሚገናኙበት ጥግ ላይ የተቀመጠች መንደር። የእኛ ተከዜ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ መንደሯ ያለችው እዚያ ዳር ነው። የዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከሁመራና ከአካባቢው የሸሸ ሕዝብ በጀልባም በዋናም እየተሻገረ ገባባት። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሱዳን የተሻገረው ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። ደንቡ ሐምዳይት ላይ ተመዝግቦ ወደ ገዳሪፍ ግዛት፣ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጫን ነበር። ብዙ ሰው ግን መኪናው ላይ አልወጣም አለ። ማዶ የቀረ ልጅ አለው፤ ባል የቀረባት አለች፤ ዛሬ ወይ ነገ ይሻገር ይሆናል። ወንዙን ትቶ ወዴት ይሄዳል?

መስታወቱን ከገዳሪፍ ሱቅ ገዛሁ። በኪስ የሚያዝ ዓይነት ስላልተገኘ ትልልቁን ገዝቼ ባለሙያ በአልማዝ ቆረጠልኝ። በጆንያ ጠቅልለን፣ ገለባ ጎዝጉዘን፣ በሣጥን አሸግነው። ሣጥኑ ላይ በሁለት ቋንቋ «ተሰባሪ» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፤ ጽሕፈቱ እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ያምራል። የሎሪው ረዳት አነበበውና ሣጥኑን ከሁሉ በታች አደረገው። ተሰባሪ ነገር ከላይ ከሆነ ይወድቃላ! ከላዩ ማሽላ ተጫነ፤ ከማሽላው ላይ ሰው። መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ትራክተር ብቻ የሚደፍረው፣ በበጋ ደግሞ የደረቀ ጎማ ዱካ ሆኖ አጥንት የሚፈታ። ግንቦት ነው። በየጉድጓዱ ሎሪው ሲዘል ከሥር ቅጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። አጠገቤ የተቀመጠ የቀን ሠራተኛ «ሳህን ነው የጫንከው?» አለኝ። ዝም አልኩት።

ኬላ ላይ አስወረዱን። አንድ የጸጥታ ሰው ሣጥኑን በእግሩ ነካ አድርጎ «ዳ ሺኑ?» አለ፤ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ሚራያ» አልኩት፤ መስታወት።

«ይሄ ሁሉ?»

ድንበር ላይ፣ በጦርነት ሰዓት፣ አንድ ሐበሻ ሙሉ ሣጥን መስታወት ይዞ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ፀሐይ አለ፤ ማዶ ወታደር አለ። ለማን ልታበራ ነው? ብሎ ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ስደተኞቹ ፊታቸውን እያዩ እንዲሥሉ መሆኑን በተሰባበረ ዐረብኛዬ አስረዳሁት። እሱም ብዙ አሰበና «ስደተኛ ፊቱን አይቶ ምን ያደርጋል?» አለኝ። በዚያ ፕሮጀክት ዙሪያ ከካርቱም እስከ ሐምዳይት ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ይኼን የሚያህል አልሰማሁም። ሣጥኑን አስከፈተ። ውስጡ ስብርባሪ ነው። አንዲት ብቻ ከገለባው መሐል ደኅና ወጣች። አነሣት፤ ጺሙን አየባት፤ ግራና ቀኝ ዞረባት፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ አስደግፎ አስቀመጣት። «ማ ፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ አለና አሰናበተን። ስለዚህ ወደ ሐምዳይት የገባሁት ከነስብርባሪው ነው።

በመንገድ ላይ ያንን የፋርስ ጽሑፍ ሳነብ ስለ ሞኒር ፋርማንፋርማያን የሚያወሳው ገጽ ላይ ደረስኩ፤ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሴትዮዋ የምትሠራው በተሰባበረ መስታወት ነው! ፋርሶች ቤተ መንግሥታቸውንና መቃብረ ቅዱሳናቸውን በመስታወት ቁርጥራጭ የማስጌጥ የቆየ ጥበብ አላቸው። ጥንት ከአውሮፓ በጭነት የሚመጣው መስታወት መንገድ ላይ እየተሰበረ ሲያስቸግራቸው ባለሙያዎቹ ስባሪውን በግድግዳ መለጠፍ ጀመሩ እየተባለ ይተረካል። የገዳሪፍን ሎሪ ያወቀ ሰው ታሪኩን ለማመን ምስክር አይፈልግም። ሞኒር በ1922 እ.ኤ.አ. ቃዝቪን ተወለደች። ሺራዝ ከተማ ሻህ ቼራግ የሚባለው መስጊድ ውስጥ ገብታ ጣሪያው በሺህ ስባሪ ሲያብረቀርቅ፣ የሰዎች መልክ ተበጣጥሶ ሲንሳፈፍ አየችና ዕድሜዋን ለዚያ ሰጠች። አብዮቱ በ1979 ኒው ዮርክ ላይ ሳለች ደረሰባት፤ ሩብ ምዕተ ዓመት በስደት ኖራ በ2004 ወደ ቴህራን ተመለሰች፤ በ2019 በዘጠና ስድስት ዓመቷ ዐረፈች። ሥራዋ ፊት የቆመ ሰው ራሱን ያያል፤ ግን ሙሉውን አያገኘውም።

ሐምዳይት ስደርስ ታዲያ ስብርባሪውን ሲያዩ ሰዎቹ አልደነገጡም። የደነገጡት በአማርኛዬ ነው። ከራኩባው ሥር፣ ሣር ለብሶ በእንጨት በቆመው ጥላ ውስጥ፣ ከየት እንደመጣሁ አንዲት አሮጊት ጠየቁኝ።

«ከጎንደር ነኝ አደይ።»

ዝምታ ወደቀ። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ፣ ይህን ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ከሁመራ ስለሆኑ አማርኛ እንደ እኔው ይችላሉ፤ ለመናገር ግን አፋቸው አልፈታ አለ። አደይ ሣጥኑን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እኮ» አሉ፣ «መስታወቱን ሳይቀር ሰብረህልን መጣህ።»

የሳቀ ሳቀ። ያልሳቀም ነበር፤ ስልጠናው እስኪያልቅ አልሳቀም፤ እኔም አላስገደድኩትም።

«አበል አለው?» ብሎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያቀረበው አንድ ልብስ ሰፊ ወጣት ነው። ለተሳታፊ አበል አልተያዘም ስለው ግማሹ ሰው ተነሣ። የቀሩት ጥላው ጥሩ ስለሆነ የቀሩ ይመስለኛል። በመመሪያው መሠረት ከመሣል በፊት ሥዕሎቹን ማሳየት ነበረብኝ፤ ስለዚህ ስልኬን ከእጅ ወደ እጅ አዞርኩ።

መጀመሪያ የአባስ ኪያሮስታሚ ፎቶዎች ነበሩ። በፊልሞቹ የታወቀው ያ ሰው ለዓመታት በረዶ የሸፈነው ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሲያነሣ ኖሯል። ነጭ ምድር፣ ጥቁር ግንድ፣ ሌላ ምንም። አንድ ልጅ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየና «ጥጥ ነው?» አለ። የሁመራ ልጅ ነው፤ ነጭ ሜዳ ማለት ለእሱ ያልተለቀመ ጥጥ ነው። ብቻውን የቆመው ዛፍ አላሳዘነውም። ለቀማው ሰው እንደሚፈልግ ነው የታየው።

ቀጥሎ የፎቶ አንሺዋ የሻዲ ጋዲሪያን ሥራ መጣ። «እንደ ማንኛውም ቀን» በሚለው ተከታታይ ሥራዋ ሴትዮዋ ከራስ እስከ እግር በአበባማ ጨርቅ ተሸፍናለች፤ ፊቷ መሆን ባለበት ቦታ ግን የቤት ዕቃ አለ። አንዷ ካውያ፣ አንዷ መጥረጊያ፣ አንዷ መጥበሻ፣ አንዷ የሻይ ዕቃ። መመሪያው «የተሰረቀ ማንነት» ይለዋል። ይህንን ለአደይ አስረዳሁ፤ ማጀት የሴትን ፊት እንደሚበላ፣ ፎቶ አንሺዋ በዚህ እንደምትሳለቅ። አደይ በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ ወደ ፎቶው ጠቆሙ።

«ይቺ ሴትዮ መጥበሻ አላት፣ ካውያ አላት፣ የሻይ ዕቃ አላት። ታዲያ ፊቷን ማን ጠየቃት?»

አደይ የተሻገሩት በለበሱት ልብስ ነው። አንድ ድስት ለብዙ ቤተሰብ በተራ ነው የሚበስልበት። ጋዲሪያን ያነሣችው ሸክም እዚያ ራኩባ ሥር የሀብት ዝርዝር ሆኖ ተነበበ፤ ሴቶቹ ዕቃውን አንድ በአንድ እየጠሩ የተውትን መቁጠር ጀመሩ። ምጣዱ፣ ረከቦቱ፣ አዲሱ ፍሪጅ። በዚያ ቀን ፊታቸው ላይ እንባ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የመመሪያው አዘጋጅ ይህን አላሰበበትም።

ነውሻ ታቫኮሊያን የቴህራን ፎቶ አንሺ ናት። በ2012 «ተመልከት» ያለችውን ሥራ የሠራችው ከገዛ አፓርታማዋ መስኮት ፊት ነው። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አቁማ አነሣቻቸው፤ አንድ ሰው፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ኋላ ግራጫ ሕንፃ በሕንፃ ላይ። ሁሉም ወጣት ናቸው፤ የተማሩ ናቸው፤ ቤት ተዘግቶባቸው በሐሳብ የተዋጡ ናቸው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የወደድኩት ይኼንን ነው። ልብስ ሰፊው ደጋግሞ አየው።

«ይሄ ክፍል ለብቻው ነው?»

«አዎ።»

«ኪራዩ ስንት ነው?»

ከዚያ ወዲያ ስለ ቴህራን ወጣቶች ትካዜ ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ። ሐምዳይት ላይ ብቻውን የሆነ ሰው የለም፤ ብቸኛ ያልሆነም የለም። የማያውቅህ ሰው እስትንፋስ ማጅራትህ ላይ እየነፋ ታድራለህ። ሲያስሉ ትነቃለህ፣ ሲያለቅሱ ትነቃለህ፤ አንተ ስታለቅስ እነሱ ይነቃሉ። እውነቱን ልናገርና በመንደሩ ያየሁት ለሰው ያልተከለከለ፣ በር ያለው፣ በሩም ከውስጥ የሚዘጋ ነገር ሽንት ቤቱ ብቻ ነበር። ሰው ማልቀስ ሲፈልግ እዚያ ይገባል። ሰልፈኛው ይቆጥርበታል፤ ሲቆይ በር ይደበደባል፤ «አንተ ሰውዬ፣ ጨርስ እንጂ!» ይባላል። የገባው ለምን እንደገባ ሁሉም ያውቃል። የሚደበድበውም የሚደበድበው የእሱ ተራ እንዳያልፍበት ነው።

የእኛ ሰው ድሮም ለብቻነት ፊት አይሰጥም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንላለን። ብቻውን መሆን የተፈቀደለት ባሕታዊ ነው፤ ዋልድባም ያለው በዚያው በተከዜ ተፋሰስ ነው። ግን ባሕታዊውም ዋሻ አለው። ዋሻ ደግሞ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው፣ እንግዳ የማይዘልቀው ክፍል ነው። ብቸኝነት በሥዕል እንዲገባ መጀመሪያ በቤት መግባት አለበት፤ ይህ ነው የእኔ ፍርድ። የፋርስ ጥበበኞች ቤቱ ስላላቸው ነው ብቸኝነቱን ያሳዩት።

የመጨረሻው የሺሪን ነሻት ሥራ ነበር። እሷም ቃዝቪን ነው የተወለደችው፣ በ1957፤ የቃዝቪን ውኃ ምን እንዳለበት እንጃ። ከ1993 እስከ 1997 «የአላህ ሴቶች» በሚለው ተከታታይ ፎቶ የሴቶች ፊት፣ መዳፍና እግር ላይ የፋርስኛ ጽሕፈት ሞልታበታለች። ይህን ጊዜ ከዳር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ካህን ተነሥተው መጡ። አባ ስልኩን ተቀብለው ፊት ላይ የተጻፈውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ክታብ በቆዳ ይጻፋል። በሰው ቆዳ ግን አይጻፍም።»

ያኔ ነው ልቤ የሞቀው። የእኛ ሰው የራስ ምስል የለውም ይባላል፤ የድሮ ሠዓሊ ስሙን እንኳ አይጽፍም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ መጻፉ እስከዛሬ እንደ ብርቅ የሚወሳው ለዚህ ነው። ግን ክታቡስ? ክታብ ሲዘጋጅ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሰፋል። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። በውስጡ የክርስትና ስሙ ይገባል፤ በየመሐሉ ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ። የአንዱ ሰው ክታብ ለሌላው አይሆንም። ቁመትህን፣ ምስጢራዊ ስምህንና ሕመምህን የያዘ ነገር የራስ ምስል ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከአዲስ አበባ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ዋሽንግተን ድረስ በሸራው ላይ ይዞት የዞረው የክታብ ዓይን ይኸው ነው። ይህን ለአባ ሳወራላቸው ስለ እስክንድር ግድ አልሰጣቸውም፤ ስለ ክታቡ ግን «ቤተ ክርስቲያን አትወደውም» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናቴ ነበራት» አሉ።

ከዚያ ሥዕሉ ተጀመረ። ከሰል ሞልቷል፤ ወረቀቱ ተርፏል። ስብርባሪውን ጠርዙን በድንጋይ እየሞረድን አደልን። ትልቁን ስባሪ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ሳያስፈቅድ ወስዶ ምሰሶው ላይ አስሮታል፤ ከእሱ ወዲያ የፕሮጀክቱን ዓላማ በቀጥታ ያሳካ ሰው አላየሁም፤ ደንበኛው ሁሉ ፊቱን እያየ ወጣ። ለተሳታፊዎቹ የደረሰው ግን መዳፍ የማይሞላ ነው። ፊት ሙሉውን አይታይበትም። አፍንጫ ሲታይ አፍ ይጠፋል፤ አንዱ ዓይን ሲገባ ሌላው ይወጣል። እናም ሁሉም ያየውን ሣለ። ሥዕሎቹን ሰብስቤ ገመድ ላይ ስሰቅላቸው ሁሉም አንድ ዓይን ነበራቸው።

አባ መጥተው አዩና ቀዩ።

«እነዚህን ልጆች ምን አደረግሃቸው?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ በጎን ተዞሮ አንድ ዓይን የሚሣለው ዲያብሎስ ነው፣ ይሁዳ ነው፣ የሰማዕታት ገዳይ ነው። ስብርባሪው የሐምዳይትን ስደተኛ በሙሉ ከሄሮድስ ጭፍራ ጋር ደምሮታል። ጎንደሬው ሰው መጥቶ የትግራይን ልጆች በአንድ ዓይን አሠራ ተባለ ማለት ነው። ሎሪው፣ ረዳቱ፣ ማሽላው፣ መንገዱ ሁሉ ምስክር ይሁኑኝ ብዬ ማልኩ። የማይስቀው ሰውዬ ተነሥቶ ቆመ። ሁሉም ቆመ። እኔ መውጫውን አየሁ፤ ራኩባ ግድግዳ ስለሌለው መውጫው በየትም ነው፤ ይህ አንዱ ጥቅሙ ነው።

አደይ ናቸው የፈረዱት።

«መስታወቱ አንድ ዓይን ካሳየ ሌላውን ከጓደኛው አይቶ ይጨምራ! ዓይን መቼ ጠፋ እዚህ?»

አባ አሰቡበትና ተስማሙ። ስለዚህ እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን እያየ ሁለተኛ ዓይን ጨመረ። ውጤቱን ባያችሁ! የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በቀኝ የልብስ ሰፊው ዓይን ተተክሎለታል። አንዲት ኮረዳ ግራ ዓይኗ የአያት ሆኗል። አደይ ራሳቸው የፀጉር አስተካካዩን ወሰዱ፤ እንደሚያሽኮረምማቸው አስታወቀ። የማይስቀው ሰውዬ ብቻ አልጨመረም። ከሰሉን አስቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን እንደያዘ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አባም አልጠየቁትም።

ማታ እንግዳ ነህ ተብዬ ከብዙ ወንዶች ጋር ምንጣፍ ተጋራሁ። እንቅልፍ አልመጣም። ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስብ ነበር። ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ተምሮ፣ ጎለጎታን ሥሎ፣ ስለ አገር ናፍቆት ግጥም ጽፎ፣ በደርግ ዘመን ተሰዶ በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ የሞተው ገብረ ክርስቶስ። በር ሞልቶለት ይሆናል፤ የሚደበድበው ግን ማን ነበር? ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹ በኋላ ተመልሰው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው ማዕከል ይገኛሉ፤ እሱ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ እንዳላስብ አጠገቤ ያለው ሰውዬ እግሩን ሆዴ ላይ ጫነብኝና አሳብ ተቋረጠ።

ገዳሪፍ ተመልሼ ሥዕሎቹን በፎቶ ላክሁ። ከካርቱም የመጣው መልስ አጭር ነው። መስታወት የያዘ ሰው ፎቶ አልተነሣም፤ ፊቶቹ «የተዛቡ» ናቸው፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ተስፋ አይታይም። ክፍያውም ተጎርዶ መጣ። ስለ ተሰበረው መስታወት ደረሰኝ ተጠየቅሁ፤ ኬላው ላይ ስለቀረችው ስለዚያች አንዲት ደኅና መስታወት ደግሞ ማብራሪያ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ በጦርነት ተያዘች፤ ገዳሪፍ የገዛ አገሯን ተፈናቃዮች አስጠጋች፤ ድንበሩን ወደኛ የተሻገረውም ብዙ ነው። የስልጠና አሳብ ያላቸው ድርጅቶችም አይጠፉም። እናም ይህን የምታነቡ፣ ወደ እንደነዚህ ያሉ ቦታዎች ዕቃ የምትልኩ ወገኖች ካላችሁ፦ መስታወቱ ይቆይ። መጀመሪያ መጋረጃ ላኩ። ወፍራም ይሁን፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም ይሁን፤ ገመድና ሚስማርም ጨምሩበት፤ እዚያ የለም።